ስቲቨን ሄልስ

ስቲቨን ሄልስ (ሴፕቴምበር 17 ቀን 1677 – ጃንዋሪ 4 ቀን 1761 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። ውሃ ከሥር ተነሥቶ በግንድ በኩል ወደ ቅጠል እንዴት እንደሚወጣ በሚዛንና በቱቦ በመለካቱ፣ ከዕፅዋት ፊዚዮሎጂ መሥራቾች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የእንስሳትን የደም ግፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የለካውም እሱ ነው። በዚህ ገጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሕይወት

ሄልስ የተወለደው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኬንት፣ ቤክስቦርን በምትባል መንደር ነው። በ1696 ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እዚያም ከጓደኛው ከዊልያም ስቱክሊ ጋር ዕፅዋት ለመሰብሰብ በየሜዳው ይዞር፣ የእንስሳትንም የውስጥ አካል ይመረምር ነበር። በ1709 በለንደን አቅራቢያ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር ባለችው በቴዲንግተን መንደር ቄስ ሆኖ ተሾመ። እስኪሞት ድረስ ከ50 ዓመት በላይ በዚያው አገለገለ። በ1718 የለንደን ሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በ1720 ሜሪ ኒውስን አገባ፤ ባለቤቱ ግን በዓመቱ ልጅ ሳትወልድ ሞተች፤ እሱም ዳግመኛ አላገባም።

የዘመኑ ጥያቄ

በ1628 ዊልያም ሃርቪ፣ ደም በልብ ግፊት በሰውነት ውስጥ ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ አስረዳ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሊቃውንት በዕፅዋት ውስጥ ያለው ፈሳሽም እንደ ደም በአንድ በኩል ወጥቶ በሌላ በኩል እየወረደ ይዞራል ብለው ያምኑ ነበር። በ1670ዎቹ ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊና እንግሊዛዊው ኒሂሚያ ግሩ በማይክሮስኮፕ ተመልክተው በግንድ ውስጥ ቀጫጭን ቧንቧዎች እንዳሉ ገለጹ። ፈሳሹ በእነዚህ ቧንቧዎች ውስጥ በምን ኃይልና ወዴት እንደሚሄድ ግን ገና በውል አልታወቀም ነበር።

ሄልስ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ሰው ነበር። በአንዲት ባዝራ የእግር ደም ሥር ውስጥ የናስ ቱቦ አስገብቶ፣ ከዚያ ጋር ረጅም የመስታወት ቱቦ አያይዞ ሽቅብ ቢያቆመው፣ ደሟ 8 ጫማ ከ3 ኢንች (2.5 ሜትር ያህል) ወጣ። ባዝራዋ ከሙከራው አልተረፈችም። ጎረቤቱ የነበረው ገጣሚ አሌክሳንደር ፖፕ ሄልስን ቢያከብረውም በእንስሳት ላይ የሚያደርገውን ሙከራ ይቃወም ነበር።

የወይኑ ግንድ

ሄልስ የፈሳሹን ኃይል ያገኘው በአጋጣሚ ነው። አንድ አሮጌ የወይን ግንድ ያለ ጊዜው ተቆርጦ ፈሳሹ አልቆም አለ። ሄልስ ተክሉ እንዳይሞት ሰግቶ በቁርጡ ላይ የእንስሳ ፊኛ ቢያስርበት፣ ፈሳሹ ፊኛውን ወጠረው። ይህን ሲያይ ኃይሉን ለመለካት ተነሣ። በተቆረጠ ወይን ላይ ሜርኩሪ ያለበት የመስታወት ቱቦ ሲገጥም፣ ፈሳሹ ሜርኩሪውን እስከ 38 ኢንች ገፋው። ይህ ኃይል ውሃን 13 ሜትር ያህል ሽቅብ ማውጣት ይችላል። በሄልስ ስሌት ከፈረስ የጭን ደም ግፊት 5 እጥፍ ያህል ነበር።

ይህ ኃይል ዛሬ የሥር ግፊት ይባላል። ሥር ማዕድናትን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ውሃ ተከትሎ ይገባና ከታች ወደ ላይ ይገፋል። ሄልስ ግን ወይኑ የሚያፈሰው በጸደይ መግቢያ ብቻ መሆኑን አስተዋለ። ቅጠሎቹ ከተዘረጉ በኋላ፣ ማለትም ተክሉ ብዙ ውሃ በሚፈልግበት ወቅት፣ ቢቆረጥም አያፈስስም። ስለዚህ ውሃውን የሚያወጣ ሌላ ኃይል መኖር ነበረበት።

የሱፍ አበባው

በጁላይ 1724 ሄልስ በሸክላ ማሰሮ የተተከለ፣ ቁመቱ 3 ጫማ ተኩል የሆነ የሱፍ አበባ ወሰደ። ውሃው ከአፈሩ እንዳይተን የማሰሮውን አፍ በስስ የእርሳስ ዝርግ ከደነና ውሃ የሚያጠጣበት ቱቦ ብቻ ተወለት። ከዚያም ለ15 ቀናት ጠዋትና ማታ መዘነው። ተክሉ በቀኑ 12 ሰዓት በአማካይ 20 አውንስ፣ ማለትም ከግማሽ ኪሎ በላይ ውሃ ያጣ ነበር፤ ጤዛ በሌለበት ሞቃት ሌሊት ግን 3 አውንስ ያህል ብቻ። የቅጠሎቹን ስፋት በክር መረብ ሲለካ 39 ስኩዌር ጫማ (3.6 ስኩዌር ሜትር ያህል) ሆነ። መጠን ለመጠን ሲነጻጸር የሱፍ አበባው ከሰው 17 እጥፍ ውሃ እንደሚያተን አሰላ።

ቀጥሎም ቅርንጫፎችን ቆርጦ ውሃ ውስጥ አቆመ። ቅጠል ያላቸው ብዙ ውሃ ሲጠጡ፣ ቅጠላቸው የተመለመሉት በጣም ጥቂት ጠጡ። በሌሎች ቅርንጫፎች ላይ በተቃራኒ ጎኖች፣ አንዱን ከሌላው ከፍ አድርጎ፣ እስከ መሃል የሚደርስ ቁርጥ አወጣባቸው። ውሃው ግን በጎን እየዞረ ወደ ላይ ማለፉን ቀጠለ። ሄልስ ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ፣ በተክል ውስጥ ልብ የሚመስል ነገር እንደሌለ፣ ውሃውም እንደ ደም እንደማይዞር ደመደመ። ሥር የጠጣው ውሃ አብዛኛው በቅጠል በኩል ተንኖ ይወጣል፤ ሽቅብ የሚስበውም ይኸው ትነት ነው። ውጤቱን በ1727 «ቬጀተብል ስታቲክስ» በተባለው መጽሐፉ አሳተመ። የፈረንሳዩ ተመራማሪ ቡፎን በ1735 መጽሐፉን ወደ ፈረንሳይኛ ተረጎመው።

ከሄልስ በኋላ

ሄልስ ያልፈታው ጥያቄ የውሃው ዓምድ በረጅም ዛፍ ውስጥ ሳይበጠስ እንዴት እንደሚሳብ ነበር። በ1894 ሄንሪ ዲክሰንና ጆን ጆሊ በደብሊን መልሱን አቀረቡ፦ የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ አጥብቀው ስለሚያያዙ፣ ከቅጠል የሚተነው ውሃ ከታች ያለውን እንደ ገመድ ይጎትተዋል። ይህ የሚሆንበት ቧንቧ ዛይለም ሲባል ከሞቱ ሕዋሳት የተሠራ ነው። ቅጠል ያዘጋጀውን ስኳር ወደ ሥር፣ ወደ ፍሬና ወደ ሌሎች ክፍሎች የሚያደርሰው ግን ፍሎየም የተባለ ሌላ፣ ሕያው ቧንቧ ነው። በዚህም ምክንያት በተክል ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ ፈሳሽ ቢኖርም፣ የደም ዓይነት ዑደት የለም።

ሌሎች ሥራዎችና ዕረፍት

ሄልስ በኋለኛው ዕድሜው የታፈነ አየርን የሚያስወጣ መሣሪያ ሠራ፤ መሣሪያው በመርከቦች፣ በሆስፒታሎችና በእስር ቤቶች ተተከለ። በ1739 የሮያል ሶሳይቲን የኮፕሊ ሜዳልያ ተሸለመ። በ1761 በ83 ዓመቱ አርፎ በቴዲንግተን ቤተ ክርስቲያኑ ተቀበረ። «ሃሌሲያ» የተባለው የዛፍ ወገን በስሙ ተሰይሟል።