ዉ ዘትየንና ያልተጻፈበት ድንጋይ



በ2021 አይረን ዊዶው የሚል የሳይንስ ልብ ወለድ ታትሟል፤ ስሙ በእኛ ቋንቋ የብረቷ መበለት እንደማለት ነው። የጻፉት ቻይና ተወልደው ካናዳ የሚኖሩት ሺራን ጄይ ዣኦ ናቸው። በመጽሐፉ ወንዶች ግዙፍ የጦር መሣሪያዎችን የሚያንቀሳቅሱት አብረዋቸው ከሚገቡ ልጃገረዶች ኃይል እየወሰዱ ነው፤ ብዙዎቹ ልጃገረዶች በዚያው ይሞታሉ። ዘትየን የምትባለው ልጅ ግን የእህቷን ደም ልትበቀል ትገባለች። ታሪኩ ፈጠራ ነው፣ ስሟ ግን የእውነተኛ ሴት ስም ነው። የዚያችን ሴት ሕይወት ባጭሩ እንነግራችኋለን፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዉ ዘትየን በ624 አካባቢ ተወለደች። አባቷ በእንጨት ንግድ የከበረ፣ በኋላም የታንግን መንግሥት መሥራች ረድቶ ሹመት ያገኘ ሰው ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ14 ዓመቷ፣ በንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ ቤተ መንግሥት ዝቅተኛ ቁባት ሆና ገባች። በ649 ታይዞንግ ሲሞት ልጅ ያልወለዱለት ቁባቶች እንደ ወጉ ፀጉራቸውን ተላጭተው የቡድሃ ገዳም ገቡ። እሷም ከነሱ አንዷ ነበረች። የሟቹ ልጅ ጋኦዞንግ ግን ወደ ቤተ መንግሥት መለሳት፤ በ655 እቴጌ አደረጋት።

ከ660 ጀምሮ ባሏ በሕመም ሲዳከም የመንግሥቱ ሥራ በእሷ እጅ ገባ። በ683 ሲሞት ሁለት ልጆቿ ተራ በተራ ነገሡ፤ ሥልጣኑ ግን የእናታቸው ነበር። በ690 ራሷ ዙፋኑን ያዘች። እቴጌ የንጉሥ ሚስት ናት፤ ዉ ዘትየን ግን የወንዶቹን የንጉሠ ነገሥትነት ማዕረግ ወስዳ በራሷ ስም ገዛች። በቻይና ረጅም ታሪክ ይህን ያደረገች ሴት እሷ ብቻ ናት።

በእድር ለምንረዳዳ ለእኛ ከሥራዎቿ ሁሉ የሚቀርበን አንድ አለ። በዚያ ዘመን ልጅ ለአባቱ ሦስት ዓመት ሐዘን ይቀመጣል፤ ለእናቱ ግን አባትየው በሕይወት ካለ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ዉ በ674፣ ገና እቴጌ ሳለች፣ ለእናትም ሦስት ዓመት እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች። ሐዘን የክብር መለኪያ በነበረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

በመንግሥት ፈተናም ከታላላቅ ቤተሰቦች ያልተወለዱ ሰዎች ሹመት እንዲያገኙ በሩን አሰፋች። በ686 ሕዝቡ አቤቱታውን የሚከትበት የመዳብ ሳጥን አስቆመች። ይኸው ሳጥን ግን የጠቋሚዎችም መሣሪያ ሆነ። በሐሰት የተከሰሱ ብዙዎች ተገርፈዋል፣ ተገድለዋል። ከእሷ በፊት እቴጌ የነበረችው ዋንግና ቁባቲቱ ሺያኦም ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሻንግጓን ዋነር የምትባል ልጅ አያቷና አባቷ በዉ ጊዜ ተገድለውባት፣ ከእናቷ ጋር የቤተ መንግሥት ባሪያ ሆና አደገች። ዉ ችሎታዋን ስታይ የራሷ ጸሐፊ አደረገቻት። የገደለውም ያነሣውም እጅ አንድ ነው። አንዱን ተናግረን ሌላውን ብንደብቅ ውሸት ይሆንብናል።

ታሪኳን የጻፉት ከእሷ በኋላ የመጡ ወንድ ሹማምንት ናቸው። ተቀናቃኟን ለመወንጀል ስትል የገዛ ሕፃን ልጇን አንቃ ገደለች ብለውም ጽፈዋል፤ ብዙ የዛሬ ተመራማሪዎች ይህን ይጠራጠራሉ። ታይዞንግ ግን በ626 ሁለት ወንድሞቹን አጥፍቶ ወደ ዙፋን እንደወጣ ማንም አይክድም፤ ያም ሆኖ የደግ ንጉሥ ምሳሌ ተብሎ ይመሰገናል። ደም ደም ነው፤ የፈሰሰው በወንድ እጅም ቢሆን በሴት። ለእሷ ምሕረት አንለምንም፤ የምንለው ሚዛኑ አንድ ይሁን ነው።

በ705፣ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗት ታምማ ሳለ፣ ሹማምንቱ ተነሥተው ልጇን መለሱ። በዚያው ዓመት ሞታ ከባሏ ጋር በቺያንሊንግ ተቀበረች። በመቃብሩ ፊት ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝም ድንጋይ ቆሟል። የነገሥታት ድንጋይ በምስጋና ቃል ይሞላል፤ የእሷ ሲቆም ግን አንድ ቃል አልተጻፈበትም። ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ እንግዶች የየራሳቸውን ጽሑፍ ቀረጹበት።

ባዶ የተተወ ቦታ ሌላ ሰው እንደሚጽፍበት ከዚህ አይተናል። የእኛ እናቶችና አያቶች ሕይወትም ከለቅሶ ቤት ወሬ አልፎ የተጻፈለት ጥቂት ነው። ስለዚህ እህቶቻችን፣ ለሚቀጥለው እትም የእናቶቻችሁን ሕይወት ጽፋችሁ ላኩልን። መጻፍ ለሚቸግራት አባል እኛ ቁጭ ብለን እንጽፍላታለን። ያለሙትንም ያጠፉትንም ጻፉ፤ ሙሉ ሰው ነበሩና።