ይድነቃቸው ተሰማ እና የአፍሪካ ዋንጫ አጀማመር

የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. በ1921 በጅማ ተወለዱ። በቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋችነት ዝና ካተረፉ በኋላ ወደ አሠልጣኝነትና ወደ አመራር ተሸጋገሩ። በ1957 ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን ያቀላቀለ ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው ዋንጫ ታገደች። ተጋጣሚዋ ኢትዮጵያ ስለነበረች ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብጽም 4 ለ 0 ተረታች። በ1962 ግን በይድነቃቸው አሠልጣኝነት አዲስ አበባ ላይ ያችኑ ግብጽን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ሕዝብ አብዝቶ የሚያነሣላቸው ይህን ድል ቢሆንም በአህጉሩ ታሪክ የሚከብደው በዘር መድልዎ ላይ የያዙት አቋም ነው። ከ1972 ጀምሮ ኮንፌዴሬሽኑን በፕሬዚዳንትነት ሲመሩም አልለዘቡም። በ1987 ሲያርፉ ደቡብ አፍሪካ ገና ከውድድር ውጭ ነበረች።