ስሙን ሸሽጎ የዘመተው ተዋናይ



ስለ ጀግንነት ሲነሣ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን የጦር ሜዳ ነው። ጥይት ሳይፈራ ወደ ፊት የሄደ፥ በጨለማ የጠላትን ወሰን ያቋረጠ ሰው ጀግና ይባላል፤ መባሉም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን በጦር ሜዳ ያልተሸነፈ ሰው በሰላም ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ሊሸነፍ ይችላልን? ከተሸነፈስ በኋላ ምን ማድረግ ይገባዋል? ይህን ጥያቄ በአእምሯችን ይዘን ስተርሊንግ ሄይደን የተባለውን አሜሪካዊ የፊልም ተዋናይ የሕይወት ታሪክ እንመልከት።

የፊልም ተዋናይ ታሪክ ለሰንበት ት/ቤት መጽሔት ምን ያደርጋል የሚል ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም ሰውየውን አርአያ አድርገን ልናቀርበው አልተነሣንም። ከብርታቱም ከውድቀቱም የምንማረው ስላለ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ስተርሊንግ ሄይደን በመጋቢት ወር 1916 ኒው ጀርሲ በተባለው የአሜሪካ ግዛት ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ አባቱ ስለ ሞቱበት ያደገው በእንጀራ አባት እጅ ነው፤ ሄይደን የሚለውን ስም ያገኘውም ከእንጀራ አባቱ ነው። ልጅነቱን በባሕር ዳር ከተሞች ስላሳለፈ ልቡ ከትምህርቱ ይልቅ ወደ መርከብ አደላ። በዐሥራዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ት/ቤቱን ትቶ የባለ ሸራ መርከብ ሠራተኛ ሆነ። በካናዳ ጠረፍ አካባቢ በብርድና በማዕበል መካከል ዓሣ አጠመደ፤ ገመድ ስቦ፥ ሸራ አጥፎ እንጀራውን በላ። 22 ዓመት ሲሞላው አንድ ባለ ሸራ መርከብ በካፒቴንነት እየመራ ከማሳቹሴትስ ተነሥቶ በፓስፊክ ውቅያኖስ እስከምትገኘው እስከ ታሂቲ ደሴት ድረስ አደረሰ። ብዙዎቻችን ገና ከዩኒቨርሲቲ ባልወጣንበት ዕድሜ እርሱ የሰው ነፍስና የመርከብ ኃላፊነት ተሸክሞ ነበር ማለት ነው።

ቁመቱ ከአንድ ሜትር ከዘጠና በላይ፥ መልኩም ያማረ ስለ ነበር ዝናው ወደ ሆሊውድ ደረሰ። በ1940 ፓራማውንት ከተባለው የፊልም ኩባንያ ጋር ተዋዋለ። ኩባንያውም በፊልም ዓለም ከእርሱ የሚያምር ወንድ የለም እያለ አስታወቀለት። በ1941 በወጡት በሁለቱ የመጀመሪያ ፊልሞቹ ማዴሊን ካሮል ከምትባለው ዝነኛ እንግሊዛዊት ተዋናይት ጋር ሠራ፤ በ1942ም ተጋቡ። ገንዘብም ዝናም በአንድ ጊዜ መጣለት። ይሁን እንጂ ዓለም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እሳት እየነደደች ሳለ ፊት እየተቀቡ በካሜራ ፊት መቆም ለሁለቱም የሚዋጥላቸው አልሆነም። የማዴሊን እኅት ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ሞታ ነበር። ስለዚህ ማዴሊን ፊልሙን ትታ በቀይ መስቀል ሥር ጣሊያን አገር ወርዳ ቁስለኞችን አስታመመች። ባሏም የራሱን መንገድ ያዘ።

ሄይደን አስቀድሞ ወደ ስኮትላንድ ሄዶ የኮማንዶ ሥልጠና ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን በፓራሹት ሲዘል ስለ ተጎዳ ተመለሰ። በጥቅምት ወር 1942 ግን ማሪን በተባለው የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ውስጥ በተራ ወታደርነት ገባ። ፊቱ በየሲኒማ ቤቱ የታወቀ ሰው በመሆኑ ስሙ እንቅፋት ሆነበት። ባልደረቦቹ እንደ ተዋናይ ሳይሆን እንደ ወታደር እንዲያዩት ፈለገ። ስለዚህ ስሙን ለውጦ ጆን ሃሚልተን ተባለ። ሰው ሁሉ ስሙን ለማስጠራት በሚሮጥበት ዓለም እርሱ የተጠራበትን ስም ደበቀ።

የመኮንንነት ማዕርግ ካገኘ በኋላ ኦ.ኤስ.ኤስ. በሚል አኅጽሮት ወደሚጠራው የስለላና የልዩ ዘመቻ መሥሪያ ቤት ተዛወረ። ይህ መሥሪያ ቤት በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ምስጢራዊ ሥራዎች የሚካሄዱበት ነበር። መሥሪያ ቤቱም መርከበኛ መሆኑን አይቶ በ1943 መጨረሻ ላይ ወደ ደቡብ ጣሊያን ላከው።

በዚያን ጊዜ የነበረው ሁኔታ እንደሚከተለው ነው። ጣሊያን በመስከረም ወር 1943 እጇን ስትሰጥ ጀርመኖች ፈጥነው የዩጎዝላቪያን የባሕር ጠረፍና ደሴቶቹን መያዝ ጀመሩ። በቲቶ የሚመሩት ፓርቲዛን የተባሉት አርበኞች በተራራና በደሴት ሆነው ይዋጉ ነበር፤ ነገር ግን ጥይት፥ ልብስ፥ መድኃኒትና ምግብ አልነበራቸውም። ስንቁና መሣሪያው ከጣሊያን ጠረፍ ተነሥቶ የአድርያቲክን ባሕር መሻገር ነበረበት። ባሕሩን ደግሞ የጀርመን አውሮፕላኖችና ፈጣን ጀልባዎች ይጠብቁት ነበር።

ሃሚልተን የተባለው ይህ ወጣት መኮንን ከባሪ ከተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው ሞኖፖሊ በምትባል ትንሽ ወደብ ሰፈረ። በዚያ ያገኛቸው መርከቦች አሮጌ የእንጨት መርከቦች ነበሩ፤ ሠራተኞቹም ከአገራቸው ተሰደው የመጡ በመቶ የሚቆጠሩ የዩጎዝላቪያ አርበኞች ናቸው። መርከቦቹን በመሣሪያና በስንቅ ጭኖ ወደ ቪስ ደሴት መላክ ጀመረ። ቪስ ማለት ጀርመኖች ሳይዟት የቀረች፥ የአርበኞቹ ዋና መሸሸጊያ የነበረች ደሴት ናት። ጉዞው የሚደረገው በሌሊት፥ ይልቁንም ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ነበር። መብራት አይበራም። ጎሕ ሳይቀድ ከዚያኛው ጠረፍ መድረስና መርከቡን መሸሸግ ግድ ነበር፤ በቀን ባሕር ላይ የተገኘ መርከብ ዕጣው መስጠም ነውና። የልጅነት ሙያው፥ ነፋስን በፊቱ መለየት፥ ማዕበልን በእግሩ መመዘን፥ በዚህ ጊዜ ለብዙዎች ነፍስ ማትረፊያ ሆነ።

እርሱም በወደቡ ተቀምጦ የሚያዝዝ ብቻ አልነበረም። ራሱ ባሕሩን እየተሻገረ ጠላት በያዘው አገር ውስጥ ገብቶ ይቃኝ ነበር። ከዲሴምበር 24 ቀን 1943 እስከ ጃንዋሪ 2 ቀን 1944 ባደረገው አደገኛ የባሕር ጉዞና ቅኝት የብር ኮከብ ሜዳይ ተሸለመ። ያ ጊዜ በምዕራባውያን አቆጣጠር የገና ሰሞን ነው። በሆሊውድ ጓደኞቹ በበዓል ገበታ ዙሪያ ሲቀመጡ እርሱ በሐሰት ስም በጨለማ ባሕር ላይ ነበር። ከዚያም በኋላ አውሮፕላናቸው በጠላት አገር የወደቀባቸውን በራሪዎች በማዳን ሥራ ተካፈለ። የዩጎዝላቪያ መንግሥትም ሸልሞታል። ጦርነቱ ሲያበቃ ካፒቴን ሆኖ ተሰናበተና ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ።

እስከዚህ ያለው ታሪክ የጀግና ታሪክ ነው። በዚህ ብናበቃው ደስ ባለን ነበር፤ እውነቱ ግን ይቀጥላል።

ሄይደን ከአርበኞቹ ጋር በነበረ ጊዜ የእነርሱ መከራ መቀበልና አንድነት ልቡን ነክቶት ነበር። በዚህ የተነሣ በ1946 የአሜሪካ ኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ ከስድስት ወር ያህል በኋላም ተወው። ነገር ግን ዘመኑ ተለወጠ። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ተቃቃሩ፤ የተወካዮች ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴም በሆሊውድ ውስጥ ኮሙኒስቶችን ማደን ያዘ። ለጥያቄው አንመልስም ያሉ ዐሥር ጸሐፊዎችና አዘጋጆች በ1950 እስር ቤት ገቡ። ስሙ የተነሣበት ሰው ሁሉ በጥቁር መዝገብ ላይ እየሰፈረ ከሥራ ይባረር ነበር።

በሚያዝያ ወር 1951 ሄይደን ኮሚቴው ፊት ቀረበ። የራሱን ብቻ ተናግሮ አላበቃም፤ የሚያውቃቸውን የሌሎችን ሰዎች ስም ጠራ። ከእነዚያም መካከል ወዳጆቹ የነበሩ አሉ። በጦርነት ጊዜ የራሱን ስም ሸሽጎ ነፍሱን ለሌሎች የሰጠ ሰው በሰላም ጊዜ የሌሎችን ስም አውጥቶ ራሱን አዳነ። የጀርመን አውሮፕላን ያላስፈራው ሰው እንጀራዬ ይቋረጣል፥ ቤቴ ይፈርሳል የሚለው ሐሳብ አስፈራው። እርሱ ፊልም መሥራቱን ቀጠለ።

ይህን ስናነብ የሐዋርያው የቅዱስ ጴጥሮስ ታሪክ ወደ ልባችን ይመጣል። በጌቴሴማኒ የታጠቁ ወታደሮች ሲመጡ ሰይፍ መዝዞ የቆመው ጴጥሮስ ነበር። ያው ጴጥሮስ በዚያው ሌሊት በእሳት ዳር አንዲት ገረድ ብትጠይቀው ካደ። ሰይፍ የሚጠይቀው ድፍረትና ጥያቄ የሚጠይቀው ድፍረት አንድ አይደሉም። አንዱን ያገኘ ሁለተኛውንም አግኝቻለሁ ብሎ እንዳይታመን ከዚህ እንማራለን።

ሄይደን በሥራው ማንም አልከሰሰውም፤ እንዲያውም አገሩን የሚወድ ሰው ነው ተብሎ ተመሰገነ። የከሰሰው የገዛ ልቡ ነበር። በ1963 «መንከራተተኛው» የሚል ትርጉም ያለውን የሕይወት ታሪኩን ጽፎ ባሳተመ ጊዜ ያደረገውን ሳይሸፍን፥ በሌላ ሰው ላይም ሳያላክክ፥ በራሱ ላይ ፈረደ። ከዚያ በኋላም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ጸጸቱን በአደባባይ ይናገር ነበር። በ1964 «ዶክተር ስትሬንጅላቭ»፥ በ1972 ደግሞ «ጎድፋዘር» በተባሉት ፊልሞች ታይቶ ዝናው ቢጨምርም ያ ቀን ከኅሊናው አልጠፋም። በግንቦት ወር 1986 በ70 ዓመቱ በካሊፎርኒያ አረፈ። የኦ.ኤስ.ኤስ. የሠራተኞች መዛግብት ለሕዝብ የተከፈቱት ከሞቱ ከ22 ዓመት በኋላ በ2008 ሲሆን የሃሚልተንም መዝገብ ከእነርሱ መካከል ተገኘ።

ስለዚህ ሰው ስንነጋገር በመካከላችን ሁለት አሳብ ተነሥቶ ነበር። ከፊሎቻችን ከተጸጸተ ይበቃዋል አልን፤ ከፊሎቻችን ደግሞ እንጀራቸውን ያጡት ሰዎች የእርሱ ጸጸት ምን ይጠቅማቸዋል አልን። ሁለቱም አሳብ እውነት አለው። ንስሐ የተበደለውን ሰው መርሳት አይደለም። ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ጊዜ መጸጸቱን ብቻ አልተናገረም፤ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገባ። ሄይደን ግን ለእነዚያ ሰዎች ያጡትን ዓመታት ሊመልስላቸው አልቻለም። ሊያደርግ የቻለውን አንድ ነገር አደረገ፤ በአደባባይ የሠራውን በአደባባይ አመነ። እኛ ከዚህ በላይ ተሰጥቶናል፤ የነፍስ አባት አለን፥ ንስሐ አለን፥ ቅዱስ ቁርባን አለን። ይህን ሁሉ ይዘን ጥፋታችንን ለዓመታት የምንሸሽግ ከሆነ ማመካኛችን ምንድር ነው?

እኛ ወጣቶች የአድርያቲክን ባሕር በሌሊት እንድንሻገር ላንጠየቅ እንችላለን። ነገር ግን በክፍል፥ በሥራ ቦታና በጓደኛሞች መካከል የሌላውን ስም አንሥተን ራሳችንን የምናድንበት ጊዜ በየዕለቱ ይመጣል። በኩረጃ የተያዘ ሰው ጓደኛውን ይጠቁማል፤ በሐሜት የተገኘ ሰው የሰማሁት ከእገሌ ነው ይላል። ያ ጊዜ ሲመጣ ይህ ሰው ትዝ ይበለን። ብንወድቅም እንደ ጴጥሮስ ወጥተን እናልቅስ፤ የበደልነውንም ሰው ሄደን፥ ስሙን ጠርተን፥ ይቅርታ እንጠይቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።