ስሙን «ተማሪ» ያለው ሊቅ

(የዊልያም ሲሊ ጎሴት አጭር የሕይወት ታሪክ)

በስታቲስቲክስ መጽሐፍ መጨረሻ ከሚገኙት ሠንጠረዦች አንዱ የስቱደንት ቲ፣ በአማርኛችን የተማሪ ቲ ይባላል። ብዙ ሰልጣኝ ስሙን ሲያይ ለተማሪ ተብሎ የቀለለ ሠንጠረዥ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። «ተማሪ» የአንድ ሰው የብዕር ስም ነው። ሰውየውም የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አልነበረም፤ ተቀጥሮ የኖረው በቢራ ፋብሪካ ነው።

ዊልያም ሲሊ ጎሴት በ1876 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በእንግሊዝ አገር በካንተርበሪ ከተማ ከአንድ የጦር መኮንን ተወለደ። እንደ አባቱ ወደ መሐንዲስ ጦር ለመግባት ቢያስብም ዓይኑ ደካማ ስለነበር አልሆነለትም። ስለዚህ ወደ ትምህርቱ አዘነበለ። በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ አጥንቶ በ1899 በአየርላንድ ከተማ በደብሊን በጊነስ ቢራ ፋብሪካ ተቀጠረ።

ታዲያ ቢራና ሒሳብ ምን አገናኛቸው? በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ጠላ የምትጠምቅ እናት የዘንድሮው ብቅል እንደ አምናው እንደማይሆን ታውቃለች። መሬቱ፣ ዝናቡ፣ የገብሱ ዘር ሁሉ ይለያያል። የእሷ ጠላ ቢበላሽ የሚደፋው አንድ ጋን ነው። የጊነስ ግን ትልቅ ፋብሪካ ስለሆነ ኪሳራው ከባድ ነው። ስለዚህ የትኛው ገብስ፣ ፈረንጆች እንደ ጌሾ ከሚጠቀሙበት ከሆፕም የትኛው እንደሚሻል በሙከራ ማወቅ ነበረበት። ችግሩ ሙከራው ውድ መሆኑ ነው። የሚገኘው ናሙና አራት ወይም አምስት ብቻ ነው፤ ገብሱም በዓመት አንዴ ነው የሚታጨደው።

በዚያን ጊዜ የነበረው የስታቲስቲክስ ስሌት ግን የተሠራው ለብዙ ናሙና ነበር። መረጃው በመቶዎች ሲቆጠር ከናሙናው የምናሰላው ስታንዳርድ ዴቪየሽን ለእውነተኛው በጣም ይቀርባል። በአምስት ቁጥር ሲሰላ ግን እሱ ራሱ ይዋዥቃል። አምስቱ ቁጥሮች በአጋጣሚ ተቀራርበው ከወጡ፣ ያላረጋገጥነውን ያረጋገጥን ይመስለናል። ጎሴት የያዘው ጥያቄ እንግዲህ ይህ ነው፦ መረጃ ያነሰው ሰው ምን ያህል እርግጠኛ ሊሆን ይገባዋል?

ይህን ጥያቄ ይዞ በ1906 ወደ ለንደን ሄደና በታወቀው የስታቲስቲክስ ሊቅ በካርል ፒርሰን ዘንድ ተቀመጠ። እዚያም የ3000 እስረኞችን የቁመትና የጣት ርዝመት በ3000 ካርቶን ላይ ጻፈ። ካርቶኑን በደንብ በውዞ እያወጣ አራት አራቱን በአንድ መደበ። በዚህም 750 ትንንሽ ናሙናዎች አገኘ። ኮምፒዩተር በሌለበት ዘመን ቀመሩን ከነዚህ ጋር እያስተያየ ፈተነው። ውጤቱንም በ1908 ባዮሜትሪካ በተባለው መጽሔት አወጣ። ፋብሪካው ምስጢሩ ለተፎካካሪ እንዳይደርስ ይሰጋ ስለነበር በራሱ ስም መጻፍ አልቻለም። ስለዚህ «ተማሪ» ብሎ ፈረመ።

አሁን ምሳሌ እንውሰድ፤ ቁጥሩ ለመለማመጃ የተዘጋጀ ነው። በቡሬ አካባቢ አምስት ገበሬዎች ማሳቸውን ለሁለት ከፍለው፣ በግማሹ አዲስ የበቆሎ ዘር፣ በግማሹ የለመዱትን ዘሩ እንበል። አዲሱ ዘር በየቃዳው ያስገኘው ብልጫ በኩንታል 5፣ 0፣ 1፣ 3 እና 1 ሆነ። ድምሩ 10፣ አማካዩ 2 ነው። እያንዳንዱ ከአማካዩ ያለው ርቀት 3፣ -2፣ -1፣ 1 እና -1 ነው። እያንዳንዱን በራሱ አባዝተን ስንደምር 16 ይሆናል። ከ5 አንድ ቀንሰን 16ን ለ4 ስናካፍል 4፣ የዚህ ስኩዌር ሩት ደግሞ 2፤ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ይህ ነው። 2ን ለ5 ስኩዌር ሩት ብናካፍል 0.89 ይደርሳል። በመጨረሻም አማካዩን 2 ለ0.89 ስናካፍል ቲ 2.24 ይሆናል።

በትልቅ ናሙና ሕግ የ5 በመቶው ድንበር 1.96 ነው። 2.24 ይህን ስላለፈ ችኩል ሰው ዘሩ ተረጋግጧል ይላል። የተማሪን ሠንጠረዥ በ4 ረድፍ ብናይ ግን ድንበሩ 2.78 ነው፤ አልደረስንም። ዘሮቹ ምንም ልዩነት ባይኖራቸው እንኳ እንዲህ ያለ ወይም ከዚህ የሰፋ ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ከ100 ሙከራ በ9 ያህሉ ሊታይ ይችላል። በአሮጌው ስሌት ግን ከ3 ያነሰ ይመስለን ነበር።

ልብ በሉ፣ ይህ ማለት ዘሩ አይረባም ማለት አይደለም። ገና አልተረጋገጠም፣ ማሳ ጨምሩ ማለት ነው። በሬውን ሸጦ ዘር ሊገዛ ለተነሣ ገበሬ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቤተሰብ ቀለብ ነው።

ጎሴት ቀመሩን በትክክል ቢያገኘውም የሒሳብ ማረጋገጫው የተሟላ አልነበረም። ያሟላው ሮናልድ ፊሸር የተባለ ወጣት ሊቅ ነው። ፊሸር በ1925 ባሳተመው መጽሐፍ የቲን ሠንጠረዥ ስላካተተው ለዓለም ተሰራጨ። ፊሸርና ፒርሰን የከረረ ጠብ ነበራቸው፤ ጎሴት ግን የሁለቱም ወዳጅ ሆኖ ኖረ። በ1935 ወደ አዲሱ የጊነስ የለንደን ፋብሪካ ተላከ። ጥቅምት 16 ቀን 1937 በ61 ዓመቱ አረፈ። እስከ መጨረሻው ደመወዙ የጠማቂ፣ ስሙም «ተማሪ» ነበር።

ውድ ሰልጣኞች፣ ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ቤተ ሙከራም ኮምፒዩተርም ላናገኝ እንችላለን። የጎሴትን ሙከራ ለመድገም ግን የተቆራረጠ ወረቀትና አንድ ቁና ይበቃል። የተማሪዎቻችንን ቁመት በወረቀት ጽፈን፣ በውዘን፣ አራት አራቱን እያወጣን አማካዩን እናስላ። ልጆቹ አማካዩ ከዕጣ ዕጣ እንዴት እንደሚዋዥቅ በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ በኋላ በሁለት ማሳ ወይም በሦስት ሰው ወሬ ቶሎ አይፈርዱም፤ ጥቂት ነው ብለውም መረጃ አይጥሉም። ስንት አየሁ፣ ምን ያህልስ ልተማመን ብለው ይጠይቃሉ።