አልፍሬድ ስሎን፦ አንድም መኪና ሳይፈለስፍ ፎርድን ያሸነፈው ሰው

ስለ ሄንሪ ፎርድ ያልሰማ የለም። ፎርድን ከዙፋኑ ስላወረደው ሰው ግን ብዙም ሲወራ አንሰማም። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ እሱ ነው። ስሙ አልፍሬድ ስሎን ይባላል። በስሙ የሚጠራ መኪና የለም፤ የፈለሰፈው ሞተርም የለም። እሱ የሠራው ሌላ ነገር ነው፦ በአንድ ሰው ጭንቅላት ላይ ተንጠልጥሎ ሊወድቅ የደረሰን ኩባንያ፣ ማን በምን ላይ እንደሚወስን የታወቀበት ድርጅት አደረገው። ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ዘርፍ፣ ኮሚቴ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት እያልን የምንጠራው አሠራር ብዙው የእሱ እጅ አለበት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የኩሽኔታ ሻጩ ወጣት

ስሎን በ1875 በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ኒው ሄቨን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቡናና ሻይ አስመጪ ነጋዴ ነበር። ልጁ ኤምአይቲ ገብቶ ኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማረና በ1895 ተመረቀ። ሥራ የጀመረው ኒው ጀርሲ ውስጥ ሃያት በሚባል ትንሽ የኩሽኔታ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ሊዘጋ ሲደርስ አባቱና አንድ ሸሪኩ 5 ሺህ ዶላር አዋጡና ልጁ እንዲሞክረው ስድስት ወር ተሰጠው። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ፋብሪካው 12 ሺህ ዶላር አትርፎ ነበር።

ጊዜው መኪና እንደ አሸን የሚፈላበት ዘመን ነው። መኪና ደግሞ ያለ ኩሽኔታ አይሽከረከርም። ሃያት አደገ፤ ስሎንም ሀብታም ሆነ። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ይነሳው ነበር። ከሚሸጠው ዕቃ አብዛኛውን የሚገዙት ሁለት ደንበኞች ናቸው፦ ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ። አንደኛው ነገ ተነስቶ ኩሽኔታውን እኔው ራሴ እሠራለሁ ቢል ትልቁ ፋብሪካ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ በ1916 ዊልያም ዱራንት የሚባለው ነጋዴ ሲመጣለት ሃያትን በ13.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ዱራንት ሃያትን ከሌሎች የመለዋወጫ ፋብሪካዎች ጋር አንድ ላይ አድርጎ ስሎንን ፕሬዚዳንት አደረገው። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህ ሁሉ ወደ ጄኔራል ሞተርስ ተጠቃለለ። ስሎንም የዱራንት ምክትል ሆኖ ገባ።

ሁሉም ነገር በአንድ ሰው በኩል

ዱራንት ጄኔራል ሞተርስን በ1908 የመሠረተው ሰው ነው። ሰው ማሳመን ተሰጥቶታል፤ ኩባንያ መግዛት አይሰለቸውም። ቢዩክን ይዞ ኦልድስሞቢልን፣ ካዲላክንና ሌሎችንም ጠቀለለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ዕዳ ዋጠው፤ በ1910 ባንኮች ከወንበሩ አነሱት። እሱ ግን ሼቭሮሌትን አቋቁሞ፣ በሼቭሮሌት አክሲዮን የጄኔራል ሞተርስን ድርሻ እየሰበሰበ በ1916 ተመልሶ ቁጭ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ችግሩ ትንሹም ትልቁም ነገር በእሱ በኩል ማለፉ ነበር። ኃላፊዎች ከየከተማው ተጠርተው ይመጡና፣ ዱራንት ስልክ እያወራ፣ ደጃፉ ላይ ተኮልኩለው ይውላሉ። የቢዩክ ኃላፊ የነበረው ዋልተር ክራይስለር በዚህ ተማሮ ለቀቀና በኋላ በራሱ ስም የሚጠራ ኩባንያ ከፈተ።

ገንዘቡስ? እያንዳንዱ ፋብሪካ የሸጠበትን በራሱ የባንክ ሒሳብ ያስገባል። ዋናው መሥሪያ ቤት ግብር ልክፈል፣ የትርፍ ድርሻ ላከፋፍል ሲል የራሱን ፋብሪካዎች መለመን አለበት። ቢዩክ በተለይ ገንዘቡን በመደበቅ የታወቀ ነበር። ዕቃ ግዢም እንደዚያው ነው። ሁሉም በየፊናው ይገዛል፤ መጋዘኑ ይሞላል፤ ድምሩን የሚያውቅ ግን የለም።

ስሎን ይህን አይቶ ድርጅቱ እንዴት መዋቀር እንዳለበት የሚያትት ጥናት ጻፈና ለዱራንት ሰጠው። ዱራንት በደስታ ተቀበለው። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አልተደረገም። በ1920 ስሎን ተስፋ ቆርጦ ሥራ ሊለቅ ፈቃድ ወስዶ አውሮፓ ሄደ። በዚያው ዓመት ገበያው ተደረመሰ። ፎርድ ዋጋ ቀነሰ፤ የጄኔራል ሞተርስ አብዛኛው ፋብሪካ ቆመ፤ መጋዘኑ የማይሸጥ ዕቃ ታቅፎ ቀረ። ዱራንት የአክሲዮኑን ዋጋ ለመደገፍ በብድር ሲገዛ ቆይቶ ኖሮ የግል ዕዳው ኩባንያውን ይዞት ሊሰምጥ ደረሰ። የዱፖንት ቤተሰብና የሞርጋን ባንክ ገብተው ዕዳውን አነሱለት፤ እሱም በኅዳር 1920 ለሁለተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ተሰናበተ። ፒየር ዱፖንት ፕሬዚዳንት ሲሆን በቅድሚያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ የስሎንን ጥናት ቦርዱ እንዲያጸድቀው ማድረግ ነበር።

ጥናቱ ምን ይል ነበር?

ሐሳቡ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የመኪና ዘርፍ የራሱ ሙሉ ኃላፊ ይኑረው። የቢዩክ ኃላፊ ቢዩክን ይምራ፤ ያተርፍ፣ ይክሰር፣ ይጠየቅበት። ሁለተኛ፣ የድርጅቱን ገንዘብና አቅጣጫ የሚመለከተው ነገር በማዕከል ይያዝ። ልብ በሉ፣ ሁለቱ ይጋጫሉ። ስሎን ራሱ በኋላ ይህን አልካደም። ሥራው ግጭቱን ማጥፋት ሳይሆን፣ ክርክሩ የሚካሄድበትን ቦታ ማበጀት ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴዎች ተቋቋሙ። የገንዘብ ኮሚቴው ካፒታል ያጸድቃል፤ የሥራ አስፈጻሚው ኮሚቴ ፖሊሲ ያወጣል። የዘርፍ ኃላፊዎች በግዢ፣ በማስታወቂያና በቴክኒክ ጉዳዮች አንድ ላይ ይቀመጣሉ። በየቦታው የነበረው ገንዘብ በድርጅቱ ስም በ100 ያህል ባንኮች ወደተከፈቱ ሒሳቦች ገባ፤ ማንቀሳቀስ የሚችለውም የማዕከሉ የፋይናንስ ክፍል ብቻ ሆነ። መኪና ሻጮች በየ10 ቀኑ ስንት እንደሸጡና ስንት በእጃቸው እንደቀረ እንዲያሳውቁ ተደረገ። ዘርፎቹ የሚመዘኑት በትርፋቸው መጠን ብቻ ሳይሆን ትርፉ ከገባው ካፒታል ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ ታይቶ ነው። በ1923 ደግሞ ከፍተኛ ኃላፊዎቹ የኩባንያውን አክሲዮን የሚይዙበት መንገድ ተከፈተ። የሰው ንብረት የሚያስተዳድር ሥራ አስኪያጅ እንደ ባለቤት እንዲያስብ የተቀየሰ ዘዴ ነበር።

ፈተናውም አልቀረ። ዱፖንት በአየር የሚቀዘቅዝ አዲስ ሞተር ወዶ ዘርፎቹ እንዲቀበሉት ከላይ ወደ ታች ገፋ። መሐንዲሶቹ አልበሰለም አሉ፤ የሰማቸው የለም። 759 የሼቭሮሌት መኪኖች ከተሠሩ በኋላ ሞተሩ የማይሆን ሆኖ ተገኘና የተሸጡት በ1923 ተጠርተው ተመለሱ። ስሎን ፕሬዚዳንት የሆነው በዚያው ዓመት ነው። ከዚህ ጣጣ የወሰደው ትምህርት፣ አለቃ ስለሆንክ ብቻ የባለሙያውን ውሳኔ አትነጥቅም የሚል ነበር።

ቢሮ ተቀምጦም አልቀረም። በባቡር ከከተማ ከተማ እየዞረ በቀን እስከ 10 የሚደርሱ መኪና ሻጮችን ያነጋግራል። በ1924 ግንቦት ላይ በየጓሮው የተደረደረውን ያልተሸጠ መኪና በዓይኑ አየና ምርት እንዲቀነስ አዘዘ። የወረቀት ቁጥርና የዓይን ምስክር ካልተገናኙ ቁጥሩን አያምንም ነበር።

ፎርድ እንዴት ተሸነፈ?

በ1921 ከአሜሪካ ገበያ 60 በመቶ ያህሉ የፎርድ፣ 12 በመቶ ያህሉ ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ ነበር። ፎርድ የሚሠራው በዋናነት አንድ መኪና ነው፤ ርካሽና ጠንካራ። ስሎን በዋጋ ከመፎካከር ይልቅ መሰላል ሠራ። ከታች ሼቭሮሌት፣ ከላይ ካዲላክ፤ በመሃል ደግሞ ፖንቲያክ፣ ኦልድስሞቢልና ቢዩክ። ሰው ኑሮው ከፍ ሲል መኪናውንም ከፍ ያደርጋል፤ ከቤቱ ግን አይወጣም። በዱቤ የሚሸጥ የፋይናንስ ድርጅት ነበራቸው፤ አሮጌ መኪና ተቀብለው በአዲስ ይለውጣሉ፤ ሞዴሉም በየዓመቱ መልኩን ይቀያይራል። ፎርድ በ1927 አሮጌ ሞዴሉን አቁሞ አዲስ ለማውጣት ፋብሪካውን ለወራት ሲዘጋ ሼቭሮሌት ቀደመው።

ባሕር ማዶ

እዚህ ላይ ነው መዋቅሩ የተፈተነው። ኩባንያው መጀመሪያ መኪና ወደ ውጭ ይልክ ነበር። ከዚያ ክፍሎቹን ልኮ እዚያው የሚገጣጥምባቸውን ፋብሪካዎች ከፈተ፦ በ1924 ኮፐንሃገን፣ በ1926 ደቡብ አፍሪካ ፖርት ኤልዛቤት፣ በ1927 ጃፓን ኦሳካ፣ በ1928 ሕንድ ቦምቤይ። ነገር ግን የአውሮፓ አገሮች ቀረጥ ከፍ እያደረጉ ነው፤ ትልልቆቹ የአሜሪካ መኪኖችም ለብዙው አውሮፓዊ ኪስ ከባድ ነበሩ። ጥያቄው መላካችንን እንቀጥል ወይስ እዚያው አገር ያለ ፋብሪካ እንግዛ የሚል ሆነ።

በ1919 የፈረንሳዩን ሲትሮኤን፣ በ1925 የእንግሊዙን ኦስቲን ለመግዛት ሞክረው አልተሳካም። በ1925 መጨረሻ ቮክስሆል የሚባለውን ትንሽ የእንግሊዝ ኩባንያ በ2.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዙ። እንደ ሙከራ ነበር። ከዚያ በኋላ በቀጣዩ እርምጃ ላይ ዓመታት ተከራከሩ። ስሎን አጥኚ ቡድን ወደ ጀርመን ላከ፤ ሪፖርቱ ከመጣ በኋላ በ1929 የኦፔልን 80 በመቶ በ26 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያዙ፤ ቀሪውን ቆየት ብለው ጠቀለሉ። በ1931 የአውስትራሊያው ሆልደን ተከተለ። ኦፔል ኦፔል ሆኖ ቀረ፤ መኪናውን የሚሠራውም የሚሸጠውም የአገሩ ሰው ነው። ማዕከሉ የሚይዘው ገንዘቡንና ፖሊሲውን ነበር።

የአስተዳደር ጸሐፊው ፒተር ድራከር ስለ ስሎን የጻፈው አንድ ነገር አለ። አንድ ትልቅ ውሳኔ ላይ ሁሉም ኃላፊዎች ሲስማሙ ስሎን ስብሰባውን ለሌላ ቀን ያስተላልፈዋል፤ በመሃሉ የተቃውሞ ሐሳብ ይፈጠር፣ ያኔ ጉዳዩን በደንብ እንረዳዋለን በሚል ምክንያት። እኛ አገር ስብሰባ ላይ አለቃው ተናግሮ ጭብጨባ ሲከተል ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው።

መዋቅሩ ያላየው ነገር

ታሪኩን በሙሉ ስናወራ ጥላውንም ማውራት አለብን። የስሎን ሥርዓት ገንዘብን ይቆጥራል፤ ሰው ግን በቁጥር አይገባለትም። በ1936 ታኅሣሥ መጨረሻ በፍሊንት ከተማ ሠራተኞች ማሽኑን አቁመው ፋብሪካው ውስጥ ቁጭ አሉ። ማኅበራችንን እወቁልን ነው ጥያቄያቸው። 44 ቀን በብርድ ተቀመጡ። ኩባንያው ሠራተኞችን ለሚሰልሉ ድርጅቶች ወደ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ማውጣቱን የሴኔት ምርመራ አጋልጧል። በየካቲት 1937 ጄኔራል ሞተርስ ተሸንፎ ፈረመ።

ጀርመን ውስጥ ደግሞ ናዚዎች ሥልጣን ይዘው ትርፉ ከአገር እንዳይወጣ ከለከሉ። ኦፔል ግን መሥራቱን ቀጠለ፤ የጭነት መኪኖቹ የሂትለርን ጦር አጓጓዙ። ስሎን በ1939 ለአንድ ባለአክሲዮን በጻፈው ደብዳቤ በብዙ አገር የሚሠራ ኩባንያ ሥራውን በንግድ ሚዛን ብቻ መምራት እንዳለበት፣ የአገሩ ፖለቲካ እንደማይመለከተው ተከራክሯል። ጦርነቱ ሲፋፋም ፋብሪካዎቹ በጀርመን መንግሥት እጅ ወደቁ፤ በግዳጅ የመጡ ሠራተኞችም ሠሩባቸው። ጄኔራል ሞተርስ ኦፔልን መልሶ የተረከበው በ1948 ነው። ያ የንግድ ሚዛን ምን ያህል ጎደሎ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

መጨረሻው

ስሎን እስከ 1956 የቦርድ ሊቀመንበር ሆኖ ቆየ። ከመሰናበቱ አንድ ዓመት በፊት ኩባንያው በአንድ ዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያተረፈ የመጀመሪያው የአሜሪካ ኩባንያ ሆኗል። ልጅ አልነበረውም፤ ሀብቱን በ1934 ላቋቋመው ፋውንዴሽን፣ ለካንሰር ምርምርና ለትምህርት አዋለ። የኤምአይቲ የአስተዳደር ትምህርት ቤት ዛሬም በስሙ ይጠራል። የሥራ ዘመኑን የተረከበት መጽሐፍ በ1964 ወጣ፤ በየካቲት 1966 በ90 ዓመቱ አረፈ።

ጄኔራል ሞተርስ በ2009 ኪሳራ አስመዝግቦ መንግሥት ደግፎ አነሳው። ኦፔል በ2017 ለፈረንሳዮች ተሸጠ። ስለዚህ መዋቅር ዘላለም አያኖርም። ግን አስቡት፤ ዱራንት ከ1920 በኋላ ቢቆይ ኖሮ ኩባንያው ምን ይሆን ነበር?

እዚህ እኛ ዘንድ አባት ያቆመው ንግድ አባት ሲታመም አብሮ ሲታመም ስንቴ አይተናል። ቼክ የሚፈርመው እሱ፣ ዋጋ የሚቆርጠው እሱ፣ የመጋዘን ቁልፍ እሱ ኪስ ውስጥ። እንዲህ ያለ ቤት ጅቡቲ ወይም ዱባይ ቅርንጫፍ ከመክፈቱ በፊት ባለቤቱ አንድ ወር ስልኩን ዘግቶ ቢጠፋ ማን በምን ላይ እንደሚወስን በወረቀት ያስፍር። ያኔ መልሱ ከጠፋ ቅርንጫፉ ይቆይ፤ መጀመሪያ ዋናው ቤት ይስተካከል። ቤተሰቦቻችን፣ በምትሠሩበት ቤት ይህ ነገር እንዴት ነው? በአስተያየት መስጫው ላይ አካፍሉን።