ሮበርት ሆፍስታተርና ብልጭ የሚለው ጨው

በዛሬው ዘመን ሐኪም የሕመምተኛውን ሰውነት ሳይከፍት ልቡና ኩላሊቱ እንዴት እንደሚሠሩ ለማየት ይችላል። ይህን ካስቻሉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ሆፍስታተር ናቸው። ዓለም በይበልጥ የሚያውቃቸው በሌላ ሥራቸው ቢሆንም፥ የሕመምተኞች ባለውለታ ያደረጋቸው ግን አንድ የጨው ዓይነት ነው።

ሆፍስታተር በ1915 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሲጋራ በመሸጥ የሚተዳደሩ ሰው ነበሩ። ልጅየው በዚያን ጊዜ ያለ ክፍያ ያስተምር በነበረው በሲቲ ኮሌጅ ተምረው በ1935 በማዕርግ ተመረቁ። ከዚያም በነጻ ትምህርት ዕድል ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ23 ዓመታቸው የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለመንግሥት ሲሠሩ ቈይተው፥ በ1946 በመምህርነት ወደ ፕሪንስተን ተመለሱ።

በዚያን ጊዜ ሊቃውንት ጋማ የተባለውን ጨረር የሚቈጥሩት በጋይገር መሣሪያ ነበር። መሣሪያው በጋዝ የተሞላ ስለ ሆነ፥ ከመቶው ጨረር አንዱን ያህል ቢይዝ ነው፤ የቀረው ሳይነካው ያልፋል። በኋላም ጀርመናዊው ካልማን፥ ልብስን ከብል የሚጠብቀው ናፍታሊን ጨረር ሲያገኘው ብልጭ እንደሚል አሳዩ። ሆፍስታተር ግን ከናፍታሊን የበለጠ ጨረር የሚያግድ ነገር ፈለጉ። በ1948 ሶዲየም አዮዳይድ በተባለው ጨው ላይ ጥቂት ታሊየም ጨመሩበት። አዮዲኑ ከባድ ስለ ሆነ ጨረሩን ይይዛል፤ ታሊየሙም የተያዘው ኃይል ብርሃን ሆኖ እንዲወጣ ያደርጋል። ጨዉ እርጥበት ስለሚስብ አየር በማያስገባ ዕቃ ይታሸጋል። ብልጭታው ደካማ ቢሆንም፥ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ የሚያባዛ ቱቦ ይቀበለዋል። ድምቀቱም ከጨረሩ ኃይል ጋራ ስለሚመጣጠን፥ መሣሪያው ጨረሩን ከመቍጠር አልፎ ኃይሉን ይለካል።

ይህን ጨው ለሕክምና ካዋሉት ሰዎች ዋነኛው ሃል አንገር ናቸው። እኒህ መሐንዲስ በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በበርክሌይ ከአንድ ክሪስታል ኋላ 7 ቱቦዎች ደረደሩ፤ እያንዳንዱ ቱቦ የተቀበለውን ብርሃን በማነጻጸርም ብልጭታው የወጣበትን ስፍራ የሚያመለክት ካሜራ ሠሩ። ሕመምተኛው ጥቂት ጨረር ያለበት መድኃኒት ይሰጠዋል፤ መድኃኒቱ ከተከማቸበት የሰውነት ክፍል የሚወጣው ጨረርም ነጥብ በነጥብ እየተጠራቀመ ሥዕል ይሆናል። ዛሬ ጨረርን ያለ ብልጭታ በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ ሆኖም ያ ጨው እስከ አሁን በብዙ ሐኪም ቤቶች ያገለግላል።

ሆፍስታተር በ1950 ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ። በዚያም ኤሌክትሮኖችን በአቶም እምብርት ላይ በመወርወር፥ ፕሮቶን ነጥብ ብቻ ሳይሆን ስፋት ያለው መሆኑን አስረዱ። በ1961 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት በዚህ ሥራ እንጂ በጨዉ አልነበረም። በእርጅናቸው ጊዜም የልብን የደም ሥሮች በጨረር ለማየት በሚደረገው ምርምር ተሳትፈዋል። በ1990 በ75 ዓመታቸው ዐረፉ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ሆፍስታተር የፈለጉት ለፊዚክስ የሚሆን የተሻለ መቍጠሪያ ነበር፤ የተጠቀሙበት ግን ስማቸውን እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሕመምተኞች ናቸው። በቤተ ሙከራ የምንሠራው ትንሽ ሥራ ነገ ለማን እንደሚደርስ አናውቅምና፥ ተጠንቅቀን እንሥራው።