የ10 ሺሕ ፓውንዱ ባለ ስምንት ፓውንድ ደመወዝተኛ

ይህ ሰው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ስለ ኳስ መጻፍ የጀመረው የምትሉ አንባቢያን ትኖሩ ይሆናል። ወደ ስኮትላንዳዊው ሂዊ ጋላኸር የወሰደኝ ግን ኳሱ ሳይሆን የሥራ ውሉ ነው።

ጋላኸር እ.ኤ.አ. በ1903 ቤልስሂል በምትባል የከሰል ማዕድን ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ በማዕድን ጉድጓድ ሠርቷል። ለመሐል አጥቂ አጭር የሚባል ሰው ነበር። ኤርድሪዮኒያንስ በ1924 የስኮትላንድን ዋንጫ ሲያነሳ የቡድኑ አባል ነበር። በ1925 መጨረሻ ኒውካስል ዩናይትድ ገዛው። በ1926/27 የውድድር ዘመን አምበል ሆኖ በ38 የሊግ ጨዋታዎች 36 ጎሎችን አገባና ክለቡን ለሻምፒዮንነት አበቃ። ኒውካስል ከዚያ ወዲህ የሊጉ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወደ ውሉ ልምጣ። በዘመኑ ደንብ አንድ ተጫዋች፣ የቱንም ያህል ጎል ቢያገባ፣ በውድድር ወቅት የሳምንት ደመወዙ ከ8 ፓውንድ አይበልጥም። ውሉ ቢያበቃ እንኳ ምዝገባው በክለቡ እጅ ይቆያል፤ ክለቡ ካልለቀቀው ሌላ የሊግ ክለብ ሊቀጥረው አይችልም። ሕግ የተማረ ሰው ይህንን ውል ብሎ ለመጥራት ይቸገራል። ባለቤትነት ቢባል ይቀርባል።

ኒውካስል በ1930 ጋላኸርን በ10 ሺሕ ፓውንድ ለቼልሲ ሸጠው። መልቀቁን አልፈለገም ይባላል። ይህንን ገንዘብ በሳምንት 8 ፓውንድ ሠርቶ ለማግኘት 24 ዓመት ይፈጅበት ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ከቼልሲ ጋር ወደ ኒውካስል ሲመለስ 68,386 ሰው ሊያየው ስታዲየም ገባ፤ ቁጥሩ እስከ ዛሬ የክለቡ ሜዳ ሪከርድ ነው። የመግቢያው ገቢ ወደ ማን ኪስ እንደገባ መናገር አያሻም።

የደመወዝ ጣሪያው የተነሳው በ1961 ነው። በ1963 ደግሞ ጆርጅ ኢስትሃም የተባለ ተጫዋች ከሶ፣ ዳኛ ዊልበርፎርስ ተጫዋችን አስሮ የማቆየቱ ሥርዓት የመሥራት ነፃነትን ያላግባብ የሚገድብ ነው ሲሉ ፈረዱ። ከተከሳሾቹ አንዱ ያው ኒውካስል ዩናይትድ ነበር።

ጋላኸር ቅዱስ አልነበረም። መጠጥ ይወድ ነበር፤ ዳኛ ገፍቶም ለሁለት ወር ታግዷል። የፍቺ ክርክር ወጪ ለኪሳራ ዳረገው። ከቼልሲ በኋላ በደርቢ፣ በኖትስ ካውንቲና በግሪምስቢ አልፎ በ1939 በጌትስሄድ ጫማውን ሰቀለ። ባለቤቱ በ1950 ሞተችበት።

በ1957 ልጁን በድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ሰኔ 12 ቀን ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ታዝዞ ነበር፤ በዋዜማው ጌትስሄድ ውስጥ በባቡር ሐዲድ ላይ ሕይወቱን አጠፋ። ዕድሜው 54 ነበር። ተከሳሽ ሲሞት ክሱ አብሮት ይቀራልና ጉዳዩ ሳይሰማ ተዘጋ። በደለኛ ነህ ያለው ፍርድ ቤት የለም።